ቤታችን ይሙቅ፣ ከሰሉ ግን ውጪ ይደር



ክረምቱ ገብቷል። አዲስ አበባን በመሳሰሉ ደጋ ከተሞች የሐምሌና የነሐሴ ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ዝናቡ ውጪ ሲወርድ በር ዘግቶ፣ ጋቢ ደርቦ፣ ቡና እየጠጡ መጫወትን የመሰለ ነገር የለም። ችግሩ የሚመጣው ቡናው ካለቀ በኋላ "ቤቱን ትንሽ ያሙቅልን" ተብሎ ከሰሉ እዚያው ሲያድር ነው።

ብዙ ሰው "ከሰሉ እኮ ቀልቷል፣ ጭስ የለውም፣ ምን ያደርጋል?" ይላል። ጭሱ ቢጠፋም ፍሙ እስኪጠፋ ድረስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። አመድ አልብሰን ብናዳፍነውም ያው ነው። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ እየተነፈስን ሰውነታችን ኦክስጅን ያጣል። የተኛ ሰው ደግሞ ምንም ሳይታወቀው እንደተኛ ሊቀር ይችላል።

ልብ በሉ! ብርድ እንዳይገባ የበሩን ስር በጨርቅ መድፈን ጥሩ ነው። ግን የተደፈነ ቤትና የተቀጣጠለ ከሰል በፍጹም አብረው አይሄዱም። ቤቱ በደንብ በተዘጋ ቁጥር ጋዙም መውጫ ያጣል።

ታዲያ በምን እንሙቅ?

👉 ሲሚንቶ ወለል ላይ ምንጣፍ ወይም ሰሌን ያንጥፉ። ካልሲ አይርሱ።
👉 ከአንድ ወፍራም ልብስ ይልቅ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ መደራረብ ሙቀት ይይዛል።
👉 ፀሐይ ብልጭ ስትል መስኮት ከፍተው ቤቱን ያናፍሱ፣ ብርድ ልብሱን ያስጡ። እርጥበትና ሻጋታ አስም ያለበትን ሰው ያስቸግራሉ።
👉 ሙቅ ውሃ በደንብ በሚከደን ዕቃ ሞልተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ከመተኛትዎ በፊት አልጋ ውስጥ ያስገቡ። ለሕፃናት ግን አይጠቀሙበት፣ ሊያቃጥላቸው ይችላል።
👉 ማታ ትኩስ ሾርባ ወይም የአጃ አጥሚት ይጠጡ።
👉 የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካለዎት ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስ ያርቁት፣ ሲተኙ ያጥፉት።
👉 ቡና በከሰል ሲያፈሉ በርና መስኮት ይከፈት። ሲያበቃ ምድጃው ከነፍሙ ውጪ ይውጣ። መስኮት ገርበብ አድርጎ ከከሰል ጋር መተኛት መፍትሔ አይደለም።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ግራ መጋባት። ጉንፋን ወይም የምግብ መመረዝ ሊመስል ይችላል። ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ካመማቸው፣ ውጪ ሲወጡ ደግሞ ከተሻላቸው ከሰሉን ጠርጥሩ። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት፣ የልብ ሕመምና የደም ማነስ ያለባቸው ይበልጥ ይጎዳሉ።

ሰው ከታፈነ ምን እናድርግ?

በርና መስኮቱን ከፍታችሁ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውሃ አታጠጡ፣ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት ወይም በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ። ሕክምናው ኦክስጅን ነው። ስለዚህ "ነቅቷል፣ ተሽሎታል" ብላችሁ ቤት አታስቀሩት። ስትደርሱም "ከሰል ያለበት ቤት ነበር" ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ስለማይለይ ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል።

አንድ ክፍል ተከራይተው ለሚኖሩ ወንድም እህቶቻችሁ፣ ለተማሪዎችና ለጥበቃ ሠራተኞች ይህን መልእክት ሼር አድርጉላቸው። ስማርት ስልክ ለሌላቸው ደግሞ ዛሬ ማታ ደውላችሁ ንገሯቸው።

ሞቅ ያለ፣ ሰላም ያለበት ክረምት ይሁንላችሁ!