ሸዋ ሮቢት፤ የይፋት ባቡር ጣቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በር ላይ በጉም ውስጥ ያልፍና የደብረ ሲናን ቁልቁለት ይያያዘዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነስቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጋቢው ይታጠፋል፣ መስኮቱ ይከፈታል፣ ከመንገዱ ዳር ማንጎና ፓፓያ ይታያል። ጣርማ በር ላይ ጣልያኖች በወረራው ዘመን ያስቆፈሩት ዋሻ መኪናን ካሳለፈ ወዲህ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ያለችው የቀወት ወረዳ ከመሃል አገር ጋር የምትገናኘው በዚሁ መንገድ ነው። የባቡሩ ሐዲድ ግን በዚህ በኩል አልመጣም። ዳገቱን ትቶ ከአዋሽ ተነሣና በቆላው በኩል ወደ ሰሜን ዘለቀ። ሸዋ ሮቢትም በአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ላይ ካሉት ጣቢያዎች አንዷ ሆነች።

ሐዲዱ ለምን ዞሮ መጣ? መልሱ ከጎማና ከብረት ልዩነት ይጀምራል። የመኪና ጎማ አስፋልቱን ይነክሳል። የባቡር መንኮራኩር ግን ብረት ነው፤ የሚሄደውም በብረት ላይ ነው። ይህ ልስላሴ ባቡሩ ብዙ ጭነት በጥቂት ጉልበት እንዲጎትት ያስችለዋል፤ ዳገት ላይ ሲደርስ ግን እንዲንሸራተት ያደርገዋል። ስለዚህ የባቡር መሐንዲስ በ100 ሜትር ርቀት ከ2 ሜትር ብዙም የማይበልጥ ዳገት ይፈልጋል። በጣርማ በር በኩል እንዲህ ያለ መስመር ማውጣት ተራራውን መላልሶ መዞር ወይም ረጅም ዋሻ መቆፈር ይጠይቃል። ከአዋሽ በኩል ግን መሬቱ ቀስ እያለ ነው የሚነሣው። ከባዱ ቁፋሮ የሚጠብቀው ወደ ወሎ ተራሮች ሲጠጉ ነው።

ባቡር ተራራ ፈርቶ ቆላ ላይ ከተማ ሲያቆም ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግና ለሊዮን ሼፍኖ የፈቀዱት የጅቡቲ ባቡር ሲታሰብ ሐረርን ሊነካ ነበር። የሐረር ዳገት ወጪው ስለከበደ ሐዲዱ በሜዳው በኩል አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. የደረሰበት ሜዳ ላይም መጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ከተማ ተቆረቆረች። የዛሬዋ ድሬዳዋ እሷ ናት። ጣቢያው ሠራተኛ አመጣ፣ ሠራተኛው ሰፈር ሠራ፣ ሰፈሩ ገበያ ጠራ። የድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ዛሬም ያንን ዘመን ይመሰክራል። በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ ገባ፤ በ1922 ዓ.ም. የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ ተመረቀ። በመካከል ያለችው አዋሽም በባቡሩ ምክንያት የተመሠረተች ከተማ ናት፤ መንገደኛ የሚበላባትና የሚያድርባት ቡፌዋ ስሟን በአገሩ አስጠርቷል። የድሮው ጣቢያ ቲኬት የሚቆረጥበት ቦታ ብቻ አልነበረም። ለባቡሩ ውሃ፣ ለሰው ምግብ፣ ለነጋዴ መጋዘን፣ ለአገሬው ቴሌግራፍ የሚገኝበት ቦታ ነበር።

አዲሱ መስመር ከዚያው ከአዋሽ ይነሣል። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በ2004 ዓ.ም. ያፒ መርከዚ ከተባለው የቱርክ ተቋራጭ ጋር ውል ተፈራረመ። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። መስመሩ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ወጪው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሆኖ ብድሩ ከቱርክ ኤግዚም ባንክና ክሬዲት ስዊስ ካስተባበራቸው አበዳሪዎች ተገኘ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ከአዋሽ ኮምቦልቻ 270 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ሸዋ ሮቢት ያለችውም በዚህ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ከኮምቦልቻ ወልድያ አጠገብ እስካለችው ሐራ ገበያ ይደርሳል።

ሐዲዱን ቀርቦ ለሚያየው ሰው ከድሮው ጋር ያለው ልዩነት ወዲያው ይታያል። የድሮው በሁለቱ ብረቶች መካከል አንድ ሜትር ብቻ ነበረው፤ የአሁኑ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ–ጅቡቲው አዲስ መስመር ጋር ስለሚመሳሰል ፉርጎ ሳይቀየር ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል። ብረቱን የሚሸከሙት በጠጠር ላይ የተደረደሩ የኮንክሪት አግዳሚዎች ናቸው። ከላይ በምሰሶ የተወጠረው ሽቦ 25,000 ቮልት እንዲሸከም የተሠራ ነው፤ ባቡሩ ጣሪያው ላይ ባለው ክንድ ከዚያ ኃይል ይስባል። መስመሩ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ለሚፈጥን ባቡር ታስቧል።

ሐዲዱ ነጠላ ነው። በነጠላ ሐዲድ ላይ ከአዋሽ የሚመጣና ከኮምቦልቻ የሚወርድ ባቡር የሚተላለፉት ጣቢያ ውስጥ ብቻ ነው። እዚያ ሐዲዱ ይከፈላል፤ ቀድሞ የደረሰው በጎን ባለው መስመር ገብቶ ይቆማል፣ ሌላው ያልፋል፣ መብራቱ ሲፈቅድ የቆመው ጉዞውን ይቀጥላል። ስለዚህ መንገደኛ ሳይወርድም ሳይሳፈርም በጣቢያው የሚቆም ባቡር ይኖራል። አንድም ሰው ባይሳፈርበት ጣቢያው ለመስመሩ ያስፈልጋል። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ ሸዋ ሮቢት ለባቡሩ ማሳለፊያ ብቻ ሆና ለሕዝቡ ሳትከፈት እንዳትቀር።

ይህን እስከምጽፍ ድረስ በመስመሩ ላይ መደበኛ የመንገደኛ አገልግሎት አልተጀመረም። የመጀመሪያው ምዕራፍ ግንባታ አብዛኛው ካለቀ ቆይቷል፤ ኤሌክትሪክ ግን በበቂ አልደረሰውም። በኤሌክትሪክ እንዲሄድ የተሠራ ባቡር ያለ ኤሌክትሪክ ወዴትም አይሄድም። በዚህ ላይ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ውጊያው ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘለቀ፤ ከተማዋ ተጎዳች፣ በመስመሩ ንብረትም ላይ ጉዳትና ዘረፋ ደረሰ። ከዚያ በኋላም አካባቢው ሰላም አላገኘም። ሽቦና ብረት ያለ ጥበቃ በሜዳ ላይ ሲቆይ ምን እንደሚደርስበት ሁሉም ያውቃል።

ባቡሩ የጀመረ ቀን ቀወት ምን ታገኛለች? እዚህ ላይ በተስፋ ብዛት ነገሩን ማጋነን አይገባም። ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ በአስፋልት 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በባቡር ግን መጀመሪያ ወደ አዋሽ መውረድ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ መታጠፍ አለ፤ መንገዱ በጣም ይረዝማል። ሽንኩርት ያመረተ ገበሬ ጆንያውን አመሻሽ ላይ አይሱዙ ላይ ያስጭናል፤ መኪናው ሌሊቱን በጣርማ በር ወጥቶ ሲነጋ አዲስ አበባ ያራግፋል። ሽንኩርትና ቲማቲም በሙቀት ስለሚበላሹ ባቡር ይህን ጭነት ከአይሱዙ ይነጥቃል ብዬ አላምንም።

ማሾ ግን ሌላ ነው። በቀወትና በኤፍራታና ግድም ወረዳዎች የሚመረተው ማሾ ደርቆ ይከማቻል፣ ወደ እስያ ገበያ ይላካል፣ መንገዱም በጅቡቲ ነው። የሚቸኩል ምርት አይደለም፤ ብዛት ያለው፣ የማይበላሽ፣ ወደብ የሚፈልግ ነው። ለባቡር ከዚህ የተሻለ ጭነት የለም። ዛሬ ይህ ምርት በመኪና ደጋ ወጥቶ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ባሕር ይወርዳል። ጣቢያው አጠገብ መጋዘንና መጫኛ ቢኖር በቆላው በቀጥታ ወደ አዋሽና ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። ይህ የይፋት አካባቢ በመካከለኛው ዘመን የበለጸገው ወደ ዘይላ በሚወርደው የቅፍለት መንገድ ነበር፤ የባሕሩ አቅጣጫ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም።

ለእኔ ትልቁ ጉዳይ ግን የአጭር ርቀት መንገደኛ ነው። ለሕክምና፣ ለትምህርት፣ ለገበያ፣ ለሥራ ወደ ከሚሴና ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። ኮምቦልቻ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ዛሬ ይህ መንገደኛ መናኸሪያ ሄዶ ሚኒባስ እስኪሞላ ይጠብቃል፤ የበዓል ሰሞን ደግሞ ከታሪፍ በላይ ይከፍላል። ኮምቦልቻ በአስፋልት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ሐዲዱም እዚህ ላይ ዙሪያ ጥምጥም አይሄድም። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስ፣ በየጣቢያው የሚቆም አንድ ባቡር የብዙ ሰው ኑሮ ይለውጣል። በአዲስ አበባ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ቲኬቱ ከ2 እስከ 6 ብር በነበረ ጊዜ ሕዝቡ እንዴት እንደተሻማበት አይተናል። በኋላ መለዋወጫ ጠፍቶ ባቡሮቹ አንድ በአንድ ሲቆሙም አይተናል። ለይፋት ባቡር ሲገዛ መለዋወጫውና ጠጋኙ አብረው ይታሰቡ።

ሌላው ትምህርት ከጅቡቲው መስመር የሚገኝ ነው። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በመደበኛነት የሚሠራው ያ መስመር ጣቢያዎቹን ከከተማ አርቆ ነው ያቆመው፤ የድሬዳዋ ሰው ባቡር ለመያዝ መጀመሪያ መኪና መያዝ አለበት። ለገሃር ግን የአዲስ አበባ መሃል ነበር፤ ሰው በእግሩ ይደርስበት ነበር። በሸዋ ሮቢት ሐዲዱን ማንሣት አይቻልም፤ መንገዱን ግን ማቅረብ ይቻላል። ከመናኸሪያው ወደ ጣቢያው የሚያደርስ የጠጠር ሳይሆን የአስፋልት መንገድ፣ የባጃጅ ተራ፣ ለቆላው ፀሐይ ጥላ፣ የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ፣ ለሴቶችና ለሽማግሌዎች መቀመጫ፣ በአማርኛ፣ በአፋርኛና በኦሮምኛ የሚነገር የባቡር ሰዓት። ጣቢያውን የሚጠቀመው የአርጎባው፣ የአፋሩ፣ የኦሮሞውና የአማራው ገበያተኛ ነውና።

ኮርፖሬሽኑ ኃይሉ ተገኝቶ መስመሩን የሚከፍትበት ቀን ሲደርስ የመጀመሪያውን የጉዞ ሰሌዳ ለኮንቴይነር ብቻ እንዳያወጣው እለምናለሁ። ከአዋሽ ኮምቦልቻ በየጣቢያው የሚቆም አንድ የመንገደኛ ባቡር ከመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ ይግባ፤ ሰዓቱም የገበያ ቀንን ያስብ። የከተማው አስተዳደርም ባቡሩ እስኪመጣ ሳይጠብቅ ወደ ጣቢያው የሚወስደውን መንገድ ከአሁኑ ይጀምር።