ጦርነት እንዴት ይጀመራል? እንዴትስ ያልቃል?

በጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ማዕበሉ ሲነሣ ነፋሱ ከወዴት እንደ መጣ ይመረምራል። ስለ ጦርነት የሚማር ሰውም እንዲሁ የመጀመሪያውን ተኩስ ብቻ ሳይሆን፥ ከተኩሱ በፊት በልብ የነበረውን አሳብ መመርመር ይገባዋል። የጦርነት ሰበቡ ሌላ፥ ሥሩም ሌላ ነውና።

ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር ሰበብ ያደረገችው በ1927 ዓ.ም. ኅዳር 26 ቀን በኦጋዴን ውስጥ በወልወል የውኃ ጕድጓድ አጠገብ የተደረገውን ግጭት ነበረ። የነገሩ ሥር ግን ከጕድጓዱ ይልቅ የጠለቀ ነበረ። የኢጣልያ ገዥ ሙሶሊኒ በአፍሪካ ሰፊ ግዛት ይመኝ ነበር፤ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የደረሰውንም ሽንፈት ሊበቀል ያስብ ነበር። ምኞትና ቂም በተገናኙበት ልብ ሰበብ አይታጣም።

ኢትዮጵያ ነገሩን ይዛ ወደ መንግሥታት ማኅበር አቤት አለች። በማኅበሩ ቃል ኪዳን አንዱን አባል በጦር የደፈረ ሁሉን እንደ ደፈረ ይቈጠር ነበር። ሆኖም ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. መስከረም 22 ቀን መረብን ተሻግራ ወረራውን በጀመረች ጊዜ፥ ማኅበሩ ጥፋተኛ ናት ብሎ ከፈረደ በኋላ አንዳንዱን ንግድ ብቻ ከለከለ። ለጦር መኪናዎችዋ የሚያስፈልገው ነዳጅ አልተከለከለም፤ የስዌዝም ቦይ ለመርከቦችዋ አልተዘጋም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን የአባቶች ምክር ታላላቆቹ መንግሥታት ሳይሠሩበት ቀሩ።

የኢትዮጵያ ሠራዊት ከአይሮፕላን የሚረጨውን መርዝ የሚከላከልበት መሣሪያ አልነበረውም፤ መጋቢት 22 ቀንም በማይጨው ጦርነት ድል ሆነ። በማግሥቱ ጎንደር ተያዘ፤ በሚያዝያ ወር የጠላት ጦር ባሕር ዳር ገባ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ተያዘች።

ኢጣልያኖች ጦርነቱ አለቀ ብለው አወጁ። ነገር ግን የጎጃምና የበጌምድር አርበኞች ዱር ገብተው ይዋጉ ነበር፤ ገበሬውም ከጎተራው ስንቅ ያቀብላቸው ነበር። ስለዚህ በብዙ ስፍራ ወራሪው ምሽጉንና መንገዱን ያዘ እንጂ አገሩን አልገዛም።

በዚህ መካከል እሳቱ ዝም ብለው ወደ ተመለከቱት መንግሥታት ቤት ደረሰ። በ1931 ዓ.ም. ነሐሴ 26 ቀን ጀርመን ፖላንድን ወረረች፤ እንግሊዝና ፈረንሳይም ከጀርመን ጋር ጦርነት ገጠሙ። በ1932 ዓ.ም. ሰኔ 3 ቀን ኢጣልያ ከጀርመን ጋር ተሰልፋ ጦርነት ባወጀችባቸው ጊዜ፥ እንግሊዞች ለኢትዮጵያ የጦር ወዳጅ ሆኑ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ጥር 12 ቀን ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ ገቡ። አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ተባብረው ጠላትን ከጎጃም አስለቀቁ፤ በባሕር ዳር የነበረውም የኢጣልያ ጭፍራ ስፍራውን ለቆ ወደ ጎንደር ሸሸ። ሚያዝያ 27 ቀን፥ ከአምስት ዓመት በፊት ከተማይቱ በተያዘችበት በዚያው ዕለት፥ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። በጎንደር የቀረው የጠላት ጦርም በ1934 ዓ.ም. ኅዳር 18 ቀን እጁን ሰጠ።

የጦርነት መጨረሻ ግን ተኩስ የቆመበት ቀን አይደለም። በ1939 ዓ.ም. የካቲት 3 ቀን በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ካሳ እንድትከፍል ወሰነ። በባሕር ዳር በ1950ዎቹ ዓመታት የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከዚህ ካሳ የተገኘ ነው። ካሳ ክር ያስፈትላል፥ ልብስም ያሸምናል፤ የሞተውን አባት ግን ለልጁ አይመልስም።

ተማሪ ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ያዝ። ቂምና ምኞት በልብህ ሲገናኙ ሰበብ ሳያገኙ አስወጣቸው። ጎረቤትህም ሲበደል ባየህ ጊዜ ዝም አትበል፤ የእርሱን ቤት የሚያቃጥል እሳት የአንተን ደጅ ያውቀዋልና።