ቆራሌው በኪሎ የገዛው ሽቦ በዶላር ሲሸጥ

ከውዳቂ ዕቃ የሚሠራው ረቂቅ ሥዕል ለነጋዴውና ለባለሀብቱ ምን ይነግረዋል?

ሞጣ ላይ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ሱቁን ሊያጸዳ ተነሣ እንበል። ከመደርደሪያው ሥር የተከማቸው የተቃጠለ ቴሌቪዥን የሆድ ዕቃ፣ የማይሠራ ሞባይል፣ የተበጣጠሰ ሽቦና ቁልፎቹ የረገፉ ኪቦርድ ነው። ጠጋኙ የሚታየው ቦታ ማስለቀቁ እንጂ ትርፉ አይደለም። ቆራሌው ይመጣል፤ በሚዛን ወይም በዓይን ግምት ይገዛዋል። ዕቃው ከሌላ ቁርጥራጭ ብረት ጋር ተደባልቆ በቢቸናና በደጀን ያልፋል፤ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይራገፋል። ይህ እንግዲህ መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገዱን በተደጋጋሚ አውኮታል። መንገድ ሲታወክ ደግሞ መጀመሪያ መኪና የሚያጣው እንደዚህ ያለው ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ ጭነት መሆኑ አይቀርም።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚነጋገርበት ቋንቋ ኪሎ ነው። ብረቱ በብረትነቱ፣ መዳቡ በመዳብነቱ ይመዘናል። ዕቃው ከዚህ በፊት ምን እንደነበረ፣ ማን እንደተገለገለበት፣ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው የሚጠይቅ የለም። ለመሆኑ ይኸው ዕቃ ከኪሎ ውጭ በሆነ መለኪያ የሚሸጥበት ገበያ ይኖር ይሆን?

አለ። ገበያው ጠባብ ነው፤ በውስጡ ያለው ትምህርት ግን ለነጋዴውም፣ ለደላላውም፣ ለባለሀብቱም የሚጠቅም ነው።

ከምናለሽ ተራ እስከ ካሊፎርኒያ

ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወለዱ። በ1990 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቁ። (ከዚህ በኋላ “ዓ.ም.” ካልተባለ በስተቀር የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በክር፣ በልብስ ቁልፍና በጠርሙስ ክዳን ይሠሩ ነበር። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን ዋናው ዕቃቸው ከመርካቶ የሚገዙት የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ ሆነ። የኮምፒውተር ቦርድ፣ የኪቦርድ ቁልፍና ባለ ቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦ ማለት ነው።

አሠራሩ አድካሚ ነው። ሽቦው በቀለም ይለያል፣ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል፣ ከዚያም በእንጨት ሰሌዳ ላይ በሚስማር ይመታል። ብዙ ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ተገጣጥመው ግድግዳ የሚሸፍን ሥራ ይወጣቸዋል። ሥራው ሰው፣ ዛፍ ወይም ቤት የሚያሳይ አይደለም፤ ረቂቅ የሚባለውም ለዚህ ነው። ከሩቅ ለሚያየው ግን ከአውሮፕላን ላይ ቁልቁል የሚታይ የእርሻ ማሳ ወይም ከተማ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ሲያየው የሚያገኘው የጠጋኙን ውዳቂ ነው። የዚህ ተከታታይ ሥራ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ “በተወጠረ ገመድ ላይ መራመድ” እንደማለት ነው። ቴክኖሎጂ የሚሰጠውና የሚወስደው ሚዛኑን ጠብቆ መሄዱ የሚያሳስባቸው ሰው ሥራ ነውና ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም።

ለዚህ ገጽ አንባቢ ከሁሉ የሚያስገርመው የገዢው ማንነት ነው። ያኔ ፌስቡክ ይባል የነበረው ኩባንያ በካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ፣ በ2018 ለከፈተው ሕንፃ ከኤልያስ ትልቅ ሥራ አሠርቷል። ነገሩን ከንግድ አንፃር እንየው። በባሕር ማዶ ኩባንያዎች የተፈለሰፈ ኮምፒውተር ወደ አገራችን በውጭ ምንዛሪ ገባ፤ አርጅቶም ውዳቂ ሆነ፤ ምናለሽ ተራ ተሸጠ። ከዚያም የአዲስ አበባ ሠዓሊ እጅ ሲነካው እንደገና በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ወደ ቴክኖሎጂው መንደር ተመለሰ። ቡናን በጥሬው ልኮ የተቆላውን ዋጋ ከሩቅ ለሚያይ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለማቅለጫው ወጪ፣ ለሠዓሊው ዕቃ

የዚህን ገበያ ምሥጢር ለመረዳት አንዲት ክንድ የማትሞላ ሽቦ ትበቃለች። ሽቦዋ ከውስጥ መዳብ፣ ከውጭ ባለ ቀለም ፕላስቲክ ናት። የብረታ ብረት ነጋዴው የሚፈልገው መዳቡን ነው። ፕላስቲኩ ለእርሱ ወጪ ነው፤ መላጥ ጉልበትና ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ በብዙ ድሀ አገሮች ቀላሉ መንገድ ማቃጠል ሆኗል። ጭሱ መርዝ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍሉትም እሳቱ አጠገብ የቆመው ልጅና የሰፈሩ ነዋሪ ናቸው። ይህ ወጪ በሻጩም በገዢውም መዝገብ ላይ አይገኝም።

ሠዓሊው ደግሞ የሚፈልጉት በተቃራኒው ቀለሙን ነው። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሽቦ ለእርሳቸው ከቱቦ የሚጨመቅ ቀለም ማለት ነው። የተቃጠለ ሽቦ አይጠቅማቸውም። ለአንዱ ገዢ ወጪ የሆነው ለሌላው ገዢ ዋናው ሸቀጥ ሆነ ማለት ነው። ምናለሽ ተራ ያለው ሻጭ ዕቃውን ሳያቃጥል፣ በዓይነትና በቀለም ለይቶ ካስቀመጠ፣ በዚያው ዕቃ ላይ ሁለተኛ ገዢ አገኘ። ማሽን አልገዛም፣ ብድር አልወሰደም፤ የጨመረው መለየትን ብቻ ነው። እሴት መጨመር የሚባለው ነገር የመጀመሪያው ደረጃ ይኸው ነው።

ጥሬ ዕቃው ያልቃል የሚል ስጋት የለም። የተባበሩት መንግሥታት አካላት የሚሳተፉበት ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳመለከተው በ2022 በዓለም የተጣለው የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ 62 ሚሊዮን ቶን ደርሷል። ከዚህ ውስጥ በአግባቡ ተሰብስቦ ለዳግም ጥቅም መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው።

ዋጋው ከየት መጣ?

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሁሉ አዳም ስሚዝ ያነሣውን የውሃና የአልማዝ እንቆቅልሽ ያስታውሳል። ውሃ ያለ እርሱ መኖር የማይቻል ሆኖ ርካሽ፣ አልማዝ እምብዛም የማይጠቅም ሆኖ ውድ የሆነው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው በብዛቱና በብርቅነቱ ላይ ነው። የተጣለ ሽቦ ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሆነው በሽቦው ላይ የዋለው ጊዜ፣ ዓይንና ስም ነው።

ስም ደግሞ በአንድ ጀንበር አይገነባም። ኤልያስ በ1990 ተመርቀው በካሊፎርኒያ የሳንታ ሞኒካ ሙዚየም ትልቅ ዐውደ ርዕይ ያሳዩት በ2009 ነው። የኒውዮርኩ ጄምስ ኮሃን ጋለሪ ሥራቸውን ያቀረበው በ2015 ነው። በምረቃቸውና በኒውዮርክ ጋለሪ መካከል 25 ዓመት አለ ማለት ነው። በ2019 በሃሚልተን ኮሌጅ ዌሊን ሙዚየም የተከፈተው ዐውደ ርዕያቸው በኋላ ወደ አክሮን፣ ካንሳስ ሲቲና ቶሮንቶ ተጉዟል። በዚያው ዓመት የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ሽልማት አገኙ፤ ቀጥሎም ለ2020 የሁጎ ቦስ ሽልማት ከታጩት አንዱ ሆኑ። በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ ዋና ዐውደ ርዕይ ተካፈሉ። ገዢው ዶላር የሚከፍለው ለሽቦው ብቻ ሳይሆን ለዚህ ሁሉ መዝገብ ጭምር ነው።

በሌላው ዓለምም ነገሩ እንዲሁ ነው። በ1919 ጀርመናዊው ኩርት ሽቪተርስ ከትኬት፣ ከወረቀትና ከእንጨት ስባሪ ሥዕል መገጣጠም ጀመረ። ለሥራው ያወጣለት “መርዝ” የሚል ስም ከአንድ ባንክ ማስታወቂያ ላይ “ኮመርዝ” ማለትም ንግድ ከሚለው ቃል የተቆረጠ ነበር። ውዳቂና ንግድ ከመጀመሪያውም ጎረቤታሞች ናቸው። በአፍሪካ ደግሞ ጋና ተወልደው ናይጄሪያ ንሱካ የሠሩት ኤል አናትሱይ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን በመዳብ ሽቦ እያያያዙ ግድግዳ የሚያለብስ ሥራ ይሠራሉ። በ2012 ለንደን ላይ ቦንሃምስ በተባለው የጨረታ ቤት አንድ ሥራቸው 541,250 ፓውንድ አወጣ። በ2015 የቬኒስ ቢየናሌ የሕይወት ዘመን ወርቃማ አንበሳ ሽልማት ሰጣቸው። ክዳኑን አንድ በአንድ ለማያያዝ ብዙ ረዳቶች ቀጥረው የሚያሠሩ በመሆናቸውም ሥራው ለአካባቢው ወጣት የእንጀራ ምንጭ ሆኗል።

ባለሀብቱ ይግባበት?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኅዳር 2023 በአዲስ አበባ የተወለዱት የጁሊ ምሕረቱ ረቂቅ ሥዕል ኒውዮርክ ላይ 10.7 ሚሊዮን ዶላር መሸጡ ሲሰማ፣ “ሥዕል ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል” የሚል ወሬ መነሣቱ አይቀርም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ዊሊያም ባውሞል በ1986 ባወጡት ጥናት ግን ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል የተሸጡ ሥዕሎችን ዋጋ መርምረው፣ የዋጋ ግሽበት ተቀንሶ የተገኘው አማካይ ትርፍ በዓመት 0.55 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ጋዜጣ ላይ የሚወጣው የተሳካው ሽያጭ ነው፤ ግድግዳ ላይ የቀረው ሥዕል ዜና አይሆንም።

ቀላል ስሌት እናድርግ። አንድ ሰው ሥዕል በ100 ሺህ ብር ገዛ እንበል። መልሶ ሲሸጥ አሻሻጩ 30 በመቶ ቢወስድ፣ ገንዘቡን ብቻ ለመመለስ ሥዕሉ 143 ሺህ ብር ገደማ ማውጣት አለበት። ግሽበቱ ገና አልተቆጠረም። በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሻጭና ገዢ ዋጋ የሚገናኝበት መድረክ ነው። የሥዕል ሁለተኛ ገበያችን ግን በትውውቅ ላይ የቆመ ነው። በችግር ቀን ቶሎ ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚለወጥ ንብረት አይደለም።

ይህን አውቆ መግዛት የሚፈልግ ሰው ሦስት ነገር ልብ ይበል። አንደኛ፣ የሠዓሊው ፊርማ፣ ዓመተ ምሕረቱና ደረሰኙ ከሥዕሉ እኩል መጠበቅ አለባቸው፤ ወረቀት የሌለው ሥራ መነሻው የማይታወቅ መኪና ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ውዳቂ ዕቃ ያረጃል፤ ሚስማሩ ይዝጋል፣ ፕላስቲኩ ይደርቃል። ስለዚህ ዕቃው እንዴት እንደተያያዘና እንዴት እንደሚጠገን ሠዓሊውን መጠየቅ ነውር የለውም። ሦስተኛ፣ ሥዕሉን መግዛት የቅጂ መብቱን መግዛት አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለውን ያላነበበ ሰው ሥዕሉን በካላንደር አሳትሞ ከሠዓሊው ጋር እንዳይካሰስ።

ለሞጣ የሚተርፈው

ያም ሆነ ይህ ጥያቄው ወደ ጠጋኙ ሱቅ መመለሱ አይቀርም። በኒውዮርክ ጋለሪ የተከፈለው ዶላር ወደ ኋላ ተመልሶ ሞጣ ይደርሳል ወይ? በአሁኑ አያያዝ አይደርስም። አንድ ሠዓሊ፣ አሥር ሠዓሊም ቢሆን፣ የአገሩን ውዳቂ ገዝቶ አይጨርስም፤ ቆራሌውም የመጨረሻውን ገዢ ስለማያውቅ ሁልጊዜ የሚሸጠው በኪሎ ነው። ዋጋውን የያዘው መረጃውን የያዘው ሰው ነው።

ሆኖም ውዳቂን ወደ ዕቃ መለወጥ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ከመኪና ጎማ በረባሶ፣ ከጣሳ ኩራዝ ሲሠራ የኖረ ሕዝብ ነው። በረባሶው ጉልበትን ብቻ ሳይሆን ሐሳብንም ይዟል። የጎደለው በለየና ባልለየ፣ ባቃጠለና ባላቃጠለ ሻጭ መካከል ልዩነት የሚያደርግ ገዢ ነው። ይህን ገዢ የሚፈጥረው ሥዕል ብቻ አይደለም። አንድ ቶን የኮምፒውተር ቦርድ ከአንድ ቶን የወርቅ ማዕድን ድንጋይ ብዙ እጥፍ የበለጠ ወርቅ ይዟል። ቦርዱን ሳይሰብርና ሳያቃጥል በዓይነት የሚሰበስብ የሞጣ ወይም የቢቸና ነጋዴ ነገ ለሠዓሊውም፣ ለአጣሪ ፋብሪካውም ደጁ ክፍት ይሆናል።

ኤልያስ ስሜ ከኩሬተር መስከረም አሰግድ ጋር ሆነው በ2019 አዲስ አበባ፣ መካኒሳ የከፈቱት ዞማ ሙዚየም ሌላም መንገድ ያሳያል። የጭቃና የጭድ ግድግዳ ሊናቅ የሚገባው የድሀ ቤት አለመሆኑን፣ እንዲያውም ሰው ሊያየው የሚመጣ ሀብት መሆኑን አሳይቷል።

የጎጃም ሰው ቅኔ ያውቃል፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ይፈልጋል። የሰምና ወርቅ ምሳሌ እንኳ ከአንጥረኛ ሥራ የመጣ ነው። ቆራሌው የሚሸከመው ጆንያም እንዲሁ ነው። እስካሁን የምንሸጠው ሰሙን ነው፤ ወርቁን ሌላ ሰው ይፈታዋል። ሚዛኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት ጆንያውን ከፍቶ ማየት ምንም ወጪ የለውም።