የዲስክ ምስል ሲዘጋጅ ፋይሎቹ የማን ይሆናሉ?

በሊኑክስ የፋይል ሥርዓት ውስጥ የፋይል ባለቤት በስም አይመዘገብም፤ በአይኖዱ ላይ የሚቀመጠው የተጠቃሚና የቡድን መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን ወደ ስም የሚለውጠው ፋይሉን የሚያነበው ማሽን ነው። ፋይሎቹ በተፈጠሩበት ማሽን ላይ እስካሉ ድረስ ይህ ልዩነት አይታይም። የዲስክ ምስል ተዘጋጅቶ በሌላ መሣሪያ ላይ ሲጫን ግን ያዘጋጀው ሰው ቁጥር አብሮ ይጓዛል።

ለምሳሌ በደብረ ብርሃን ያለ አንድ ተመራማሪ፣ በአንኮበር ከፍታ ላይ ለሚተከል የአየር ሁኔታ መመዝገቢያ አነስተኛ ኮምፒውተር የዲስክ ምስል ያዘጋጃል እንበል። በዴቢያንና በኡቡንቱ የመጀመሪያው ተራ ተጠቃሚ ቁጥር 1000 ነው። ተራ ተጠቃሚ ባለቤትነትን ወደ ሩት፣ ማለትም ወደ ቁጥር 0፣ ማዛወር ስለማይፈቀድለት የሰበሰባቸው ፋይሎች ሁሉ የ1000 ይሆናሉ። በመሣሪያው ላይም የመጀመሪያው ተጠቃሚ 1000 ከሆነ፣ የይለፍ ቃል መዝገቡን ሳይቀር እንዳሻው ሊለውጥ ይችላል። ቁጥሮቹ ባይገጣጠሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ሱዱ የራሱ ፋይል ባለቤት 0 ካልሆነ አይሠራም፤ የኤስኤስኤች አገልጋይም የተጠቃሚው የቤት ማውጫ በባዕድ ቁጥር ተይዞ ሲያገኘው በነባሪ ቅንብሩ በቁልፍ መግባትን ይከለክላል። ከርቀት መግባት ካልተቻለ ስሕተቱን ለማረም እስከ አንኮበር መጓዝ ግድ ነው።

የኤክስት 4 ምስል የሚፈጥረው ኤምኬኢቱኤፍኤስ እስከ እትም 1.42 ድረስ የሥር ማውጫውን ባለቤት በነባሪ የሚያደርገው ትእዛዙን የሰጠውን ሰው ነበር። በዚህም የተነሣ አንድ ዓይነት ትእዛዝ በተለያዩ ሰዎች እጅ የተለያየ ምስል ያወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነባሪው 0 ሆኗል፤ ሌላ ቁጥር የሚፈልግ «ሩት ኦነር» በተባለው አማራጭ በግልጽ ይጠይቃል። ይህ ማስተካከያ ግን የሚመለከተው የሥር ማውጫውን ብቻ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው እትም 1.43 የተጨመረው፣ አንድን ማውጫ ከነይዘቱ ወደ ምስሉ የሚቀዳው አማራጭ የይዘቱን ቁጥሮች እንዳሉ ይወስዳል። ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

ለስኳሽኤፍኤስ ምስል ሁሉንም ፋይል የሩት የሚያደርግ አማራጭ አለ። አማራጩ ቀላል ቢሆንም ጅምላ ነው፤ ለምሳሌ ፖስትግሬስኪውኤል የመረጃ ማውጫው ባለቤት አገልጋዩን የሚያስነሣው ተጠቃሚ ካልሆነ አይነሣም። በመጨረሻ ሰዓት ባለቤትነትን በጅምላ መቀየርም አያዋጣም፤ ሊኑክስ ባለቤቱ የተለወጠን ፕሮግራም የሴትዩአይዲ ምልክት ያነሣበታልና ሱዱ እንደገና ከሥራ ውጭ ይሆናል።

የተሻለው መንገድ ፌክሩት ነው። ፕሮግራሙ የተጠየቀውን ባለቤትነት በዲስኩ ላይ ሳይነካ በማስታወሻው ይይዝና ለሚጠይቀው ሁሉ ያንኑ ይመልሳል። ሆኖም የፋይሎቹ ዝግጅትና የምስሉ ፈጠራ በአንድ ክፍለ ጊዜ መከናወን አለባቸው፤ አለዚያ ማስታወሻው ተቀምጦ እንደገና መጫን ይኖርበታል። በስታቲክ መንገድ የተገነቡ ፕሮግራሞችንም አያታልልም፤ ለእነዚህ የተጠቃሚ ስም-ክልል ይመረጣል።

ምስሉ ከቤተ ሙከራ ከመውጣቱ በፊት ዲበግኤፍኤስ ሳይጭነው በውስጡ ያሉትን ፋይሎች ቁጥር ያሳያል፤ ለዚህም የሩት ሥልጣን አያስፈልግም።