በብረት የሚሞት ሕዋስ

በታይላንድ ሰሜን ምሥራቅ፣ ኢሳን በሚባለው የሩዝ አገር፣ ኮይ ፕላ የሚሉት ምግብ አለ። ከኩሬና ከሩዝ ማሳ የተጠመደ ትንሽ ዓሣ በጥሬው ይከተከትና በሎሚ፣ በሚጥሚጣና በቅጠላ ቅጠል ይለወሳል። ሎሚው ዓሣውን ያበሰለው ይመስላል እንጂ ሥጋው ውስጥ የተሸሸገውን የጉበት ትል እጭ አይገድለውም። ኦፒስቶርኪስ ቪቬሪኒ የተባለው ይህ ትል ሰው ሆድ ከገባ በኋላ ሽቅብ ወደ ሐሞት ቱቦ ይወጣና እዚያው ዓመታት ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ትሉን በካንሰር አምጪነት መዝግቦታል። የሐሞት ቱቦ ካንሰር በዓለም ላይ እጅግ በዝቶ የሚታየውም በዚሁ አካባቢ ነው።

ትል በሌለበት አገርም በሽታው አለ። የቱቦው ግድግዳ በጠጠር ወይም በሌላ ምክንያት ለዓመታት ሲቆጣ የኖረ ሰው ለዚህ ካንሰር ይበልጥ ይጋለጣል፤ ምክንያቱ የማይታወቅበትም ብዙ ነው። ካንሰሩ ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት ሲጠቁር፣ ቆዳ ሲያሳክክ፣ ማለትም ሰዉ «የወፍ በሽታ» የሚለው ምልክት ሲመጣ፣ ለቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ረፍዷል። በ2010 ውጤቱ የታተመው የብሪታንያ ጥናት ጀምሲታቢን የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ለብቻው ከሚሰጥ ይልቅ ሲስፕላቲን ከተባለው ጋር ቢሰጥ እንደሚሻል አሳየ። አማካዩ ዕድሜ ከ8.1 ወር ወደ 11.7 ወር ከፍ አለ። ሦስት ወር ተኩል ያህል ማለት ነው፤ ይህ ጥምረትም ለብዙ ዓመታት ከሁሉ የተሻለው ሕክምና ሆኖ ቆየ።

ተመራማሪዎች ሌላ በር ማንኳኳት የጀመሩት ለዚህ ነው። ኬሞቴራፒ በአብዛኛው የካንሰሩን ሕዋስ የሚገድለው ሕዋሱ ራሱን በሥርዓት እንዲያፈርስ በማስገደድ ነው፤ ካንሰሩ ደግሞ ይህን ትእዛዝ አለመስማት ይለምዳል። በ2012 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ስኮት ዲክሰንና ብሬንት ስቶክዌል ከዚህ የተለየ አሟሟት እንዳለ ገለጹ፤ ፌሮፕቶሲስም አሉት። ትእዛዝ የለበትም፣ ሥርዓትም የለበትም። የሚያስፈልገው ብረት፣ ኦክስጅንና ቅባት ብቻ ነው።

ሕዋስን የሚሸፍነው ስስ ገለፈት ከቅባት የተሠራ ነው። የኑግ ዘይት ብዙ ሲሰነብት የሚያመጣውን ሽታ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ግማሽ አውቆታል፤ ኑግ ቶሎ የሚበላሸው በኦክስጅን በቀላሉ የሚጠቃ ቅባት ስለበዛበት ነው፣ የሕዋስ ገለፈትም ተመሳሳይ ቅባት አለበት። ብረት ሲጨመር ጉዳቱ ይፈጥናል። ብረት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ወደ ኃይለኛ ጎጂ ቅንጣት እንደሚለውጥ ከእንግሊዛዊው ኬሚስት ከሄንሪ ፌንተን ሥራ ጀምሮ ይታወቃል። አንዱ የቅባት ሞለኪውል ሲጎዳ ጎረቤቱን ይጎዳል፣ ያም ቀጣዩን፤ በመጨረሻ ገለፈቱ ይቀደድና ሕዋሱ ይፈሳል።

ታዲያ ሁላችንም ብረት እያለን ለምን አንፈርስም? ጠባቂ ስላለን ነው። ጣሊያናዊው ፉልቪዮ ኡርሲኒ በ1982 ያገኘው ጂፒኤክስ4 የተባለ ኢንዛይም የተጎዳውን ቅባት እየተከታተለ ይጠግናል። ለሥራው ሴሌኒየም በውስጡ ሊኖር ይገባል፤ ግሉታቲዮን የተባለ ስንቅም ይፈልጋል። ስንቁ የሚሠራው ሲስቲን ከተባለ፣ ድኝ ካለበት ጥሬ ዕቃ ነው፤ ሲስቲን ወደ ሕዋሱ የሚገባበት በር ደግሞ ኤክስሲቲ ይባላል። በሩ ሲዘጋ ስንቁ ያልቃል፣ ጠባቂው ይዝላል፣ ብረቱ ሥራውን ይጀምራል።

አሁን ወደ ኢሳን እንመለስ። ትሉ ያለበት ቱቦ ዓመቱን ሙሉ የተቆጣ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ትሉን ለመግደል የሚረጩት ጎጂ ኬሚካል የቱቦውንም ሕዋሳት ያቃጥላል። በዚህ ውስጥ የሚተርፈው ቃጠሎውን መቋቋም የለመደ ሕዋስ ነው፤ ካንሰር ሲሆንም ይዞት የሚነሳው ይህንኑ ጥበብ ነው። በ2011 የቶኪዮው ኬዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲዲ44 የተባለው ፕሮቲን አንድ ዓይነቱ የሲስቲኑን በር እንዳይፈርስ ደግፎ እንደሚይዝ በጨጓራ ካንሰር ላይ አሳይተው ነበር። በ2016 የታይላንዱ ኮን ኬን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጃፓን ባልደረቦቻቸው ጋር ያንኑ ፕሮቲን ከትሉ ጋር በተያያዘው የሐሞት ቱቦ ካንሰር ውስጥ አገኙት። በሩን በመድኃኒት ሲዘጉትም የካንሰሩ ሕዋሳት መከላከያ ተዳከመ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ካንሰሩን በቃጠሎ ውስጥ ያሳደገው መከላከያ ሲነሳበት፣ ለማደግ ሲል ያጠራቀመው ብረት በራሱ ላይ ይዞራል።

በሩን የዘጋው መድኃኒት አዲስ ግኝት አይደለም። ሰልፋሳላዚን ይባላል፤ ስዊድናዊቷ ሐኪም ናና ስቫርትዝ ለመገጣጠሚያ ሕመም ብለው ያስጀመሩት፣ እስከ ዛሬም ለአንጀት ቁስለትና ለመገጣጠሚያ ቁጣ የሚታዘዝ ክኒን ነው። ርካሽ ነው፣ ጠባዩም ይታወቃል። ነገር ግን በሩን አጥብቆ አይዘጋም፤ በላብራቶሪ ሳህን ላይ የሚገድለውን ያህል በሰው ደም ውስጥ ማድረስም ከባድ ነው። በሳህን ላይ ያልሞተ ካንሰር ስለሌለ፣ እንዲህ ያለ ዜና ሲነበብ ትንሽ ቆም ማለት ይበጃል።

ጠባቂውን ጂፒኤክስ4ን በቀጥታ መምታትስ? በ2014 የጀርመኑ ማርከስ ኮንራድ ቡድን ይህን ኢንዛይም ከአይጦች አካል ሲያጠፋ አይጦቹ ኩላሊታቸው በድንገት ተዳክሞ ሞቱ። የካንሰሩ ጠባቂ የእኛም ጠባቂ ነው። በ2019 ደግሞ ኤፍኤስፒ1 የተባለ ሁለተኛ ጠባቂ ተገኘ፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ስለሚተካው አንዳንዱ ካንሰር በሁለቱም በኩል መመታት አለበት። ይህን ሰምቶ የብረት ክኒን ለመዋጥ ወይም ብረት ያለበትን ምግብ ለመተው የሚቸኩል ቢኖር፣ ሁለቱም መንገድ አይደሉም። ወሳኙ ጠባቂው መኖር አለመኖሩ ነው፤ ጉበት ላይ የተከማቸ ትርፍ ብረት ደግሞ ራሱ ጉበትን ይጎዳል።

ተስፋ የሚሰጠው መንገድ የመጣው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። በ2019 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ካንሰርን የሚያጠቁ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚረጩት ኢንተርፌሮን ጋማ የሲስቲኑን በር እንደሚያጠብ አገኙ። በአይጦች ላይ ሲስቲንን ከደም የሚያጠፋ ኢንዛይም የሰውነትን መከላከያ ከሚያበረታ ሕክምና፣ ከኢሚዩኖቴራፒ፣ ጋር ሲሰጥ ሁለቱ ተደጋግፈው ካንሰሩን ጎዱት። ለሐሞት ቱቦ ካንሰር ዱርቫሉማብ የተባለው ኢሚዩኖቴራፒ ከ2022 ጀምሮ ከኬሞቴራፒው ጋር እንዲሰጥ ተፈቅዷል። እንግዲህ ግማሹ መሣሪያ ሆስፒታል ገብቷል። የቀረው ጤናማውን አካል ሳይጎዳ የካንሰሩን በር አጥብቆ የሚዘጋ መድኃኒት ነው፤ ኬሚስቶቹም አሁን እየደከሙ ያሉት በእሱ ላይ ነው።