ሲዲው አልጫን ሲል ጥፋተኛው ማን ነው?
ማንበቢያውን ከመለወጥ በፊት ሊደረጉ የሚገባቸው ምርመራዎች

የጥቅምት ወር ሲጋመስ የሒሳብ ክፍሎች መብራት አምሽቶ ይጠፋል። የ«ሀ» ምድብ ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ሒሳባቸውን እስከ ጥቅምት 30 ማሳወቅ ስላለባቸው ወቅቱ የጥድፊያ ነው። በዚሁ ሰሞን ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ፣ ሲ.ኤም.ሲ ላይ ቢሮ ያለው አንድ አስመጪ ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶበት ሌላ ገዛ እንበል። የሒሳብ ሠራተኛዋ የፒችትሪውን ሲዲ ትከታለች፤ መጫኑ ግማሽ ደርሶ ይቆማል። የተጠራው ቴክኒሻን «ማንበቢያው ሞቷል» ይላል። አዲስ ማንበቢያ ይገዛል፤ ችግሩ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

እንዲህ ያለው ወጪ የሚመጣው ሦስት ተጠርጣሪዎች ሳይለዩ በመቅረታቸው ነው። እነርሱም ዲስኩ፣ ማንበቢያውና ፕሮግራሙ ከኮምፒዩተሩ ጋር ያለው ስምምነት ናቸው። ለመለየት ደግሞ ገንዘብ አያስፈልግም።

በመጀመሪያ ሲዲው ሲገባ በራሱ ካልተከፈተ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በኮምፒዩተሩ የዲስኮች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ «ሴትአፕ» የሚለውን ፋይል ሁለት ጊዜ መጫን ይበቃል። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ሌላ ደህና ዲስክ ይሞከር። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ሲዲና ዲቪዲ የሚነበቡት በተለያየ የጨረር ዓይነት በመሆኑ፣ ዲቪዲ ያነበበ መሣሪያ ሲዲ ላያነብ ይችላል። ሲዲ ብቻ የሚያነብ አሮጌ መሣሪያ ደግሞ ዲቪዲን ጨርሶ አያውቀውም። ስለዚህ ሲዲ በሲዲ፣ ዲቪዲ በዲቪዲ ይፈተን። ሌላው ዲስክ ከተነበበ ጥርጣሬው ወደ ራሱ ዲስክ ይዞራል።

ዲስኩ ከቆሸሸ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር በቀጥታ ይጠረጋል፤ ክብ እየዞሩ ማሸት ጉዳቱን ያብሳል። ብዙዎች የሚጠነቀቁት ለሚያብረቀርቀው ጎን ነው። ይሁንና በሲዲ ላይ መረጃው ያረፈው ጽሑፍ ባለበት ጎን፣ ከሥሩ ነው። በዚያ በኩል በእስክሪብቶ ጫን ብሎ የጻፈ ሰው ሲዲውን ለዘለቄታው ሊያበላሸው ይችላል።

ሁነኛው ፈተና ቀጥሎ ያለው ነው። የሲዲውን ይዘት በሙሉ ወደ ኮምፒዩተሩ ገልብጦ ከዚያው መጫን። ግልበጣው አንድ ፋይል ላይ ከተሰናከለ ጥፋቱ የዲስኩ ወይም የማንበቢያው ነው፤ ዲስኩን በሌላ ኮምፒዩተር መሞከር ሁለቱን ይለያል። ግልበጣው በሰላም አልቆ መጫኑ ከከሸፈ ግን ማንበቢያ መግዛት ከንቱ ነው። ችግሩ ያለው ፕሮግራሙና ኮምፒዩተሩ ዘንድ ነው።

በዚህ ረገድ የሚዘነጋው የዊንዶውስ ዓይነት ነው። ዊንዶውስ 11 የሚሠራው በ64 ቢት ብቻ ሲሆን፣ ለ16 ቢት የተሠሩ የቆዩ መጫኛዎች በእርሱ ላይ አይሠሩም። ፒችትሪን በተመለከተ ደግሞ «ፐርቬሲቭ» የተባለው የመረጃ ቋቱ ቅሪት ከቀድሞ ጭነት ተርፎ ሲገኝ አዲሱን ጭነት ሊያሰናክል ይችላል። ጸረ ቫይረስ ሊከለክለው፣ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ማነስም ሊያግደው ይችላል። መብራት ሲጫን መሀል ላይ ከጠፋም ግማሽ ጭነት ይቀራል፤ ስለዚህ ዩ.ፒ.ኤስ. ይኑር።

እዚህ ላይ ከሁሉም የከፋ አደጋ አለ። ቴክኒሻኑ «አጥፍተን እንደገና እንጫን» ሲል፣ የድርጅቱ ሒሳብ መጠባበቂያ ቅጂ ሳይወጣለት እሺ ማለት አይገባም። ፕሮግራም ተፈልጎ ይገኛል፤ የዓመት ሒሳብ ግን ከጠፋ ከደረሰኝ ላይ እንደገና ይለቀማል። ቅጂው በፍላሽ ወጥቶ፣ በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ መታየት አለበት።

በርካታ አዳዲስ ላፕቶፖች የዲስክ ማንበቢያ የላቸውም። መፍትሔው በዩ.ኤስ.ቢ. የሚሰካ ውጫዊ ማንበቢያ ወይም በሌላ ኮምፒዩተር ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነው። ይህ ለገዙት ፕሮግራም እንጂ መንገድ ላይ ለተገኘ ቅጂ አይደለም። ቅጂው ፋይል የጎደለው ወይም ቫይረስ የያዘ ሊሆን ከመቻሉም በላይ፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የተሰጠው ሥራ ነው።

ንግድ ቤት ወይም ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር የምትገዙም ሆነ የምታሻሽጡ ይህንን ልብ በሉ። ፒችትሪ ስሙ ወደ ሴጅ 50 ከተለወጠ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የጠፋ አሮጌ ሲዲ በቀላሉ አይተካም። በርክክቡ ዝርዝር ውስጥ ከጠረጴዛና ከወንበሩ ጎን ዋናው ዲስክ፣ መለያ ቁጥሩና የሒሳቡ መጠባበቂያ ቅጂ ይጻፉ። ጥቅምት 30 ሲደርስ ዋጋቸው ያን ጊዜ ይታወቃል።