የሕፃናት ምግብ እጥረት ሠንጠረዥ አነባበብ

የጥናት ሠንጠረዥ ወረዳ ሲደርስ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በትልቁ ቁጥር ላይ ነው። አነባበቡ ከተሳሳተ ግን እርዳታው ካላስፈለገበት ቦታ ሊሄድ፣ የተቸገረው ሕፃን ሊታለፍ ይችላል። ስለዚህ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ቀጥሎ ያሉትን ነጥቦች ማጤን ይገባቸዋል።

1. የተለካው ምንድን ነው? መቀንጨር ቁመት ለዕድሜ ማጠሩ ሲሆን የቆየ ጉድለትን ያመለክታል። መቀጨጭ ክብደት ለቁመት ማነሱ ሲሆን የቅርብ ጊዜ ረሃብን ወይም ሕመምን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት ከመቶ 38ቱ የቀነጨሩ፣ ከመቶ 10ሩ የቀጨጩ ነበሩ። አንድ ሕፃን ሁለቱም ሊደርስበት ስለሚችል ሁለቱን ደምሮ 48 ማለት አይገባም።

2. ከስንት ሕፃናት? ለምሳሌ በአንድ ቀበሌ ከ200 ሕፃናት ከመቶ 30፣ በሌላው ከ900 ሕፃናት ከመቶ 20 ቀንጭረዋል እንበል። ችግሩ የጠናው በመጀመሪያው ነው። የተጎዱት ግን በመጀመሪያው 60፣ በሁለተኛው 180 ናቸው። እርዳታ ሲመደብ ሁለቱም መታየት አለባቸው።

3. መቼ ተለካ? መቀጨጭ በብዙ አካባቢ አዝመራ ከመድረሱ በፊት፣ ጎተራ ሲጎድል ይጨምራል። የነሐሴን አኃዝ ከጥር አኃዝ ጋር ማወዳደር ያሳስታል።

መቀጨጭ በርክቶ ከታየ ሳይዘገይ ለጤና ኬላ ማስታወቅ ያስፈልጋል። መቀንጨር ከሆነ ደግሞ ለነፍሰ ጡሮችና ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ጥራጥሬ፣ እንቁላልና የጓሮ አትክልት ዓመቱን ሙሉ እንዲገኝ ማቀድ ይገባል።